በጎጃም የጥንት ብረት ማቅለጫ ቦታዎችን በመሪ እየታገዙ በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

በእንግሊዝ አገር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የኮርንዎል የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ስፍራ የሚጎበኝ ሰው ረጃጅም የጭስ ማውጫዎችን ከሩቅ ያያል። በጎጃም እንዲህ ያለ ሕንፃ አይጠበቅም። የጥንቱ ብረት ማቅለጥ የሚተወው ምልክት መሬት ላይ የተበተነ ጥቁር ስብርባሪ ስለሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ያልመራው ጎብኚ ረግጦት ያልፋል።

የመጀመሪያው ሥራ ወቅት መምረጥ ነው። ብዙ ሰው ጎጃምን በአደይ አበባ ጊዜ ማየት ይወዳል፤ ለዚህ ጉዞ ግን ሣሩና አዝመራው መሬቱን ስለሚሸፍኑት መስከረም አይመችም። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ማረሻ ከሥር ያወጣው ሁሉ በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሐሳብዎን ያሳውቁ፤ የመንገዱንም ጸጥታ በዚያው ያጣሩ። አስጎብኚ ቢመደብልዎት እንኳ ከባለ እጅ ቤተሰብ የተወለደ የቀበሌው አዛውንት አብሮ እንዲሄድ መጠየቅ ይሻላል፤ የድካማቸውንም ዋጋ መንገድ ሳይጀመር ይነጋገሩ። ብረት ሠሪዎች «ቡዳ» እየተባሉ ለዘመናት ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም። ስለዚህ የሙያውን ስም ከአዛውንቱ አፍ ይስሙ እንጂ ቀድመው አይሰይሙ።

ከቦታው ሲደርሱ ዋናው ችግር መለየት ነው። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ስለሆነ ጥቁርና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በየቦታው አለ፤ ጀማሪም ሁሉን የብረት አር (ማዕድኑ ሲቀልጥ ተለይቶ የሚወጣ ቆሻሻ) ያደርገዋል። አንዱን በእጅዎ ያንሡት። የብረት አር ለመጠኑ ከባድ ነው፤ ገጹ ብዙ ጊዜ እንደ ቀለጠ ሰም የፈሰሰበትን መስመር ይዞ ይቀራል፣ አልፎ አልፎም የከሰል ቁራጭ በውስጡ ይገኛል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በከሰልና በወናፍ የሚነደው የሸክላ ምድጃ ግን የሚሠራው በ1200 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ከማዕድኑ ሲወስድ ብረቱ በጠጣር ጓል መልክ ይቀራል፤ ቆሻሻው ደግሞ ከብረቱ ከፊሉን ይዞ ቀልጦ ይፈሳል፤ ክብደቱም ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ጫፉ በእሳት ቀልጦ ያብረቀረቀ የሸክላ ቱቦ ስባሪ በአጠገቡ ካገኙ ጥርጣሬው ያበቃል፤ የወናፉ አየር ወደ ምድጃው የገባው በእሱ በኩል ነው።

ያነሡትን አይተው በነበረበት ይመልሱት። በአሩ ውስጥ የተያዘው ከሰል የምድጃውን ዕድሜ በራዲዮካርበን ለመለካት ያገለግላል፤ ከቦታው የተነቀለ ስባሪ ግን ስለ ምድጃው የሚናገረው ጥቂት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲነገርም ያዛል።

ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረው መተከል ወርደው የወርቅ ቁፋሮ ቦታ የሚያዩ ከሆነ፣ አፋፉ ስለሚናድ ከጉድጓዱ ይራቁ።

በመጨረሻ፣ በአካባቢው በሥራ ላይ ያለ አንጥረኛ ካለ አስፈቅደው ይግቡ፤ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ አንድ ላይ ሲሠሩ ማየት በሜዳ ያዩትን ስብርባሪ ትርጉም ይሰጠዋል። ዛሬ ብረቱ የሚመጣው ከአፈር ሳይሆን ከአሮጌ መኪና ነው፤ የተጣለ ባሌስትራ ቢላዋ ወይም መጥረቢያ ይሆናል። ፍንጣሪ ስለሚዘል ከመስፉ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ለመግዛት ካሰቡም ባለሙያው የጋለውን ብረት ጨርሶ እስኪያስቀምጥ ድረስ ዋጋ አይጠይቁ።