ኦካቫንጎ ለምትሄዱ፦ ባለጎማውን ሻንጣ ቤት ተዉት

ቦትስዋና፣ ኦካቫንጎ በሚባለው የወንዝ ረግረግ ውስጥ ውሃ ዳር ያለ የሳፋሪ ካምፕ ለያዛችሁ፦ ጠንካራ ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ከማውን ከተማ የምትሳፈሩባት ትንሽ አውሮፕላን የዕቃ ቦታዋ ጠባብ ስለሆነ የሚፈቀደው ተጣጣፊ የጨርቅ ቦርሳ ነው፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ካሜራና የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 20 ኪሎ። ልብስ አታብዙ፣ ብዙዎቹ ካምፖች ያጥቡላችኋል (የውስጥ ልብስ ግን አንዳንዶቹ አይነኩም)። ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ግን አይቅር። ውሃው የሚሞላው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በእነሱ የብርድ ወቅት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ክፍት መኪና ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ አፍሪካ ሁሉ ሙቀት ይመስለናል እንጂ። ማታ ደግሞ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ወጥቶ በድንኳኖቹ መሃል ይዞራል፤ ከእራት ስትመለሱ አጃቢው ሳይመጣ ንቅንቅ እንዳትሉ።