ከአሮጌ ኬብልና ከማዘርቦርድ ጥለት መሰል ቅርጽ ሲሠራ፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በተገኙ ሽቦዎችና ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳዎች) የሠራቸውን፣ ከሩቅ የተሸመነ ጨርቅ የሚመስሉ ትልልቅ ሥራዎች አይቶ በእጁ ሊሞክር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚቸገረው በንድፉ ሳይሆን በሽቦው ጠባይ ነው።

ሽመናው ይላላል፣ ወይም ሽቦው ይሰበራል። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ሽቦ ሳይለዩ መጠቀም ነው። በግድግዳ ውስጥ ከሚዘረጋ የኔትወርክ ኬብል የሚወጣው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ነጠላ መዳብ፣ ቅርጹን ይይዛል፤ ነገር ግን መዳብ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ እየጠነከረ ስለሚሄድ ይሰበራል። ልባሱ ስለማይቀደድ ስብራቱ ከላይ አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ሽቦው በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ምንም ተቃውሞ ይታጠፋል። ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ ገመድ በበኩሉ እንደ ልብ ይታጠፋል እንጂ ቅርጽ አይይዝም። ስለዚህ ነጠላውን በኮምፔንሳቶ ላይ በተመቱ ሚስማሮች መካከል ወጥረው ድር ያድርጉት፤ ማጉን ከለስላሳው ያስገቡ፤ የማጉን ጫፍ ሁሉ ወደ ኋላ መልሰው በቀጭን መዳብ አስረው ይያዙት።

በሙጫ የተጣበቀው ሽቦ ይላቀቃል። አብዛኛው የሽቦ ልባስ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት ወደ ላይ እየወጣ ሙጫውን ያላላዋል። ጠንካራ ሙጫ መፈለግ መፍትሄ አይመስለኝም፤ ኮምፔንሳቶውን በስተው በሽቦ መስፋት ወይም በትንንሽ ሚስማር መያዝ ይሻላል።

ኮምፔንሳቶው ይጎብጣል። ክብደቱና ውጥረቱ በአንድ ወገን ስለሆነ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከጀርባው የሞራሌ ፍሬም ይምቱበት።

ቆዳ ያሳክካል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ማዘርቦርድ በመጋዝ ሲቆረጥ የመስታወት ክር ብናኝ ይወጣል፤ በቆዩት ሰሌዳዎች ብየዳ ውስጥ ደግሞ እርሳስ አለ። በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ፤ መጋዝ ግድ ከሆነ ሰሌዳውን አርጥበው፣ ጭምብልና ጓንት አድርገው ይሥሩ። ሽቦ ፈጽሞ አያቃጥሉ፤ የፒቪሲ ጭስ መርዝ ነው፣ ለሥራውም የሚያስፈልገው ቀለሙ ያለው በልባሱ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ሲፈታ ከሶኬት የተነቀለ ቢሆንም እንኳ፣ በ220 ቮልት ይሠራ የነበረ ከሆነ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ካፓሲተር ውስጥ 310 ቮልት ያህል ሊቀር ስለሚችል፣ ሙያተኛ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ሳያስወግድ አይንኩት።

ጥለቱ ከሩቅ አይለይም። የኔትወርክ ኬብል ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ሽቦዎች፣ ከነነጭ ጥንዶቻቸው ሳይለዩ ሲሸመኑ፣ ከሩቅ አንድ ግራጫ ይሆናሉ። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ጎልቶ የሚታየው ዙሪያው ነጭ ስለሆነ ነው፤ እዚህም መደቡን በአንድ ቀለም ይያዙ፣ ሽቦውንም ከመጀመርዎ በፊት በቀለም ይለዩ። የተጀመረውን ሥራ በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሱት፤ ጥለቱ በፎቶው ላይ ከጠፋ፣ የቀለሞቹ ድምቀት ስለተቀራረበ አንዱን በፈካ ወይም በጠቆር ባለ ሽቦ ይተኩት።