በማይል ትኬት ሲቆርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን አካባቢ በትኬት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ማይል (አየር መንገድ ለደንበኛው የሚሰጠውና በትኬት የሚለወጥ ነጥብ) ያጠራቀሙ ወገኖች ወደ አገር ቤት የሚወስዳቸውን ወንበር ሲያጡ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ባዶ ወንበር ሁሉ በማይል ይገኛል ብሎ ማሰብ ነው። አየር መንገድ ወንበሮቹን በዋጋ ደረጃ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ደረጃ ፊደል ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በገባበት በስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ኅብረት፣ በአጋር አየር መንገድ ማይል የሚቆረጠው የኢኮኖሚ ወንበር በኤክስ (X)፣ የቢዝነሱ በአይ (I) ይታወቃል። በዚያ ፊደል ሥር ያለው ቁጥር ዜሮ ከሆነ፣ ገሚሱ አውሮፕላን ባዶ ቢሆን እንኳ ትኬቱ አይቆረጥም። ቁጥሩን የሚወስነው የአየር መንገዱ የገቢ ክፍል ነው፤ ወንበሩን በገንዘብ እሸጠዋለሁ ብሎ እስካሰበ ድረስ አይለቀውም።

ወንበሩን ሳያረጋግጡ የክሬዲት ካርድ ነጥብን ወደ አየር መንገድ አዛውሮ ማይል ማድረግን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ነጥቡ አንዴ ከተዛወረ አይመለስምና። አንዲት እህት ለአባቷ ሙት ዓመት ለመድረስ የሦስት ዓመት ነጥቧን ማታ አዛውራ፣ ጠዋት ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ በምትፈልገው ሳምንት የቀረው ወንበር ካላት ማይል እጥፍ በላይ ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ተበድራ በገንዘብ ቆረጠች። እኔም በጀማሪነቴ፣ በድረ ገጽ ላይ የታየ ወንበር በእርግጥ አለ ብዬ አንድን ደንበኛ ነጥቡን አዛውር ብዬው አውቃለሁ፤ ስንደውል ወንበሩ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ ማይሉን ወደሚቀበለው አየር መንገድ ሳልደውል ማንንም አዛውር አልልም።

ለአራት የቤተሰብ አባላት በአንድ ጊዜ አይፈልጉ፤ ሁለት ወንበር ብቻ ካለ ድረ ገጹ «የለም» ሊል ይችላልና፣ ለአንድ ሰው ጀምረው ይጨምሩ። በአጋር ማይል የሚጓዙም ብዙ አየር መንገዶች ለራሳቸው የማይል አባላት የተሻለ ድርሻ እንደሚይዙ ይወቁ።

ፍለጋውን ዘግይቶ መጀመርም ይጎዳል። ብዙዎቹ አየር መንገዶች የበረራ መርሐ ግብራቸውን ለሽያጭ የሚከፍቱት ከጉዞው 11 ወር ገደማ ቀደም ብለው ስለሆነ፣ ለመጪው ገና አገር ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው ፍለጋውን ከጥምቀት ማግስት ይጀምር።