ትናንት ማታ ደህና የነበረው ሊኑክስ ጠዋት እምቢ ሲል

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መቆጣጠር የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ) አለብኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የምወደው ለራሴ አእምሮ እንዲመች አድርጌ ስለማስተካክለው ነው። እንደ እኔ ያሉና ኦቲዝም ያለባቸው ጓደኞቼ ማሽናቸው ሲያስቸግራቸው ወደ እኔ ያመጡታል። ሪስታርት አድርጋችሁ፣ ዲስኩ አለመሙላቱንም አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ልጀምር።

የመስኮቶቹ እንቅስቃሴ ራስ ያዞራል። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ ግቡና አኒሜሽኑን አጥፉ።

ማሳወቂያ ሐሳብ ይበትናል። ዱ ኖት ዲስተርብን አብሩት። እኔ ቀኑን ሙሉ አላጠፋውም።

ከአፕግሬድ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታውን ለቀቀ። ኡቡንቱ 22.04 የሚመጣው ከግኖም 42 ጋር ነው (ግኖም መስኮቶቹንና ሜኑዎቹን የሚያሳየው ዴስክቶፕ ነው)፤ 24.04 ደግሞ ከግኖም 46 ጋር። መሃል ላይ፣ በ2023 የወጣው ግኖም 45 የኤክስቴንሽኖችን፣ ማለትም ግኖም ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞችን፣ አጻጻፍ ቀየረ። ለድሮው የተሠራ ኤክስቴንሽን ካልታደሰ አዲሱ ላይ አይነሳም። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ሥራ መሥራት አቃተው። ቁልፎቹ የለመደው ቦታ ላይ ካልሆኑ እጁም ሐሳቡም ይቆማል። ስለዚህ አፕግሬዱን ከመጫናችሁ በፊት እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን አዲሱን ግኖም ይደግፍ እንደሆነ እዩ። ኤልቲኤስ የሚባለው እንደ 22.04 እና 24.04 ያለ የረጅም ጊዜ ቅጂ ከወጣበት ጀምሮ 5 ዓመት ድጋፍ አለው፤ ምንም የሚያጣድፋችሁ የለም። ሠሪው ጥሎት የሄደ ኤክስቴንሽን ላይ ደግሞ የቀን ሥራችሁን አታንጠልጥሉ።

ማታ ነካካሁት፣ ጠዋት አልገባም አለ። በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ፎንት ለመቀየር ትቀመጣላችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴሙ፣ አይከኑ፣ አራት ኤክስቴንሽን ተቀይሯል። ጠዋት ፓስዎርድ ስታስገቡ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም ወደ መግቢያው ይመልሳችኋል።

ሐሳባችን አንድ ነገር ውስጥ ሲሰምጥ ሰዓቱ አይታወቀንም፤ ምን ምን እንደነካንም አናስታውስም። እንዲህ የደከመ ሰው ሲጠይቅ «ማኑዋሉን አንብብ» ብሎ የሚመልስ ሰው በጣም ያናድደኛል።

አንዲት ጓደኛዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበረባት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለችልኝ። ታይምሺፍት በሚባለው፣ ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው በሚመልሰው ፕሮግራም ማሽኑን ወደ ባለፈው ሳምንት መልሳዋለች፤ ጥቁሩ ስክሪን ግን ያው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታይምሺፍት የሚመልሰው ሲስተሙን ነው፤ ካላዘዛችሁት በስተቀር የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበትን ሆም ፎልደር አይነካም። የግኖም ቅንብር ያለው ደግሞ ሆም ውስጥ፣ ኮንፊግ (.config) በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ነው። ደግነቱ ቀደም ብለን ሁለተኛ ዩዘር ከፍተንላት ነበር። በሱ ገብታ ቃለ መጠይቁን በሰዓቱ ጀመረች። ማሽኑን ከሰዓት በኋላ አስተካከልነው።

ሁለተኛው ዩዘር መመርመሪያም ነው። በሱ ከገባ፣ ችግሩ ያለው በእናንተ ቅንብር ውስጥ ነው ማለት ነው። ያኔ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚመጣው የጽሑፍ ስክሪን በራሳችሁ ስም ግቡ። ኮንፊግ ውስጥ ያለውን ዲኮንፍ (dconf) የተባለ ፎልደር ስሙን ቀይሩትና ሪስታርት አድርጉ። ግኖም እንደ አዲስ ይነሳል፤ ኤክስቴንሽኖቹም ጠፍተው ይመጣሉ። አትሰርዙት! ስሙን ብቻ ቀይሩ፤ የድሮው ቅንብር ያስፈልጋችሁ ይሆናል። በሁለተኛውም ዩዘር ካልገባ፣ ታይምሺፍት ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ታይምሺፍትን የፎቶና የሰነድ ባክአፕ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ፎቶዎቹን ለብቻ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። በሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚሰጠው ቃል) የሚጀምር፣ ምን እንደሚሠራ ያላወቃችሁትን ትእዛዝ ኮፒ አድርጋችሁ አታስኪዱ። በሌሊት ደግሞ በጭራሽ!

አሁን ሙከራ ሁሉ በሁለተኛው ዩዘር ነው የምሠራው። አንድ ነገር ስቀይር ወዲያው ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ እገባለሁ፣ ከሠራ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። የስልኬን አላርም ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞልቼ ኩሽና አስቀምጠዋለሁ። ለማጥፋት ከወንበሬ መነሳት አለብኝ።