ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ ርካሽ የሽቦ አንቴና አሠራር

ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚሆን 1.5 ሚሊ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። ላስቲኩን አይላጡት፤ ሞገዱን አያግድም፣ መዳቡንም ከዝናብ ይጠብቃል። አንዱን ጫፍ በናይለን ገመድ ከዛፍ ጋር ያስሩ፣ ሌላውን በመስኮት ያስገቡ። ዛፍ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ሽቦውን ትንሽ ያላሉት፤ የተወጠረ ይበጠሳል። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ካለው ከክዳኑ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ በተጠጋ ቁጥር ሲግናሉ ይዳከማል። ከመብራት መስመር ግን ፈጽሞ ያርቁት፤ በላዩም በታቹም አይለፍ። ቢነካካ ይገድላል።

የገባውን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ልጠው በሬዲዮኑ ተመዛዥ አንቴና ላይ ይጠምጥሙ። ማታ ከ9400 እስከ 9900 ኪሎ ኸርዝ ይሞክሩት። ጣቢያዎች እርስ በርስ ከተደበላለቁ ለትንሽ ሬዲዮ ሲግናሉ በዝቷል ማለት ነው፤ ያልተላጠውን ክፍል 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ ጠምጥመው ይተዉት። የማያቋርጥ እዝዝታ ካለ ሽቦውን ከመውቀስዎ በፊት የስልክ ቻርጀሮችንና የኤልኢዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ እነሱ ናቸው።

ደመና ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ሽቦውን ነቅለው ወደ ውጭ ያውጡት። መብረቅ ከጀመረ በኋላ ግን አይንኩት።