በሐምሌ ሙቀት ፍሎሪዳ ኪይስ ላይ ዓሣው እምቢ ሲል

ሐምሌ ላይ አገር ቤት ዝናብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከኪይ ላርጎ እስከ ኪይ ዌስት በተዘረጉት የፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች ግን ባሕሩ ራሱ ይሞቃል። በጁላይ 2023 እዚያው ማናቲ ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ያለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳይቷል። እዚያ ውኃው ጥልቀት የለውም። ወጣ ካለው ባሕር ላይም ቢሆን 30 ዲግሪ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዓሣ አልያዝ ሲላችሁ የማጥመጃ ዘንጉን ከመቀየራችሁ በፊት ውኃውን እዩ።

ከረፋዱ ጀምሮ አንድም አልነካም

ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ዓሣው ዳርቻውን ትቶ ወደ ጥልቁና ወደ ጥላው ይሄዳል። ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ ውጡ። የድልድይ ጥላ ስርም ሞክሩ።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ካልነካ፣ ባሕሩ ሞልቶ ወይም ጎድሎ የቆመበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ውኃው ሲንቀሳቀስ ትናንሾቹን ዓሦች ይዞ ይመጣል፤ ትልልቆቹም ያኔ ይበላሉ። ከቤት ሳትወጡ የመሙያና የመጉደያ ሰንጠረዡን እዩ። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ማንግሮቭ ስናፐር የሚባለውን ዓሣ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ማታ ኮራል ሪፉ (ባሕር ውስጥ ያለው የኮራል ድንጋይ) ላይ ሂዱ። በበጋቸው ለመራባት እዚያ ይሰበሰባሉ።

ይነካል፣ መንጠቆው ላይ ያለውን የሽሪምፕ ማጥመጃ ይበላል፣ አይያዝም

መንጠቆው ትልቅ ነው፣ ወይም የሽሪምፑ ቁራጭ ከመንጠቆው አልፎ ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም አሳንሱ። ስናፐር አይኑ ንቁ ነው፤ በጠራ ውኃ ወፍራም ክር ካየ ይሸሻል። ጫፉ ላይ ውኃ ውስጥ ብዙም የማይታየውን የፍሎሮካርቦን ክር እሰሩ። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ከሆነ ደግሞ ሲነካ አትንጠቁት። ዝም ብላችሁ ጠቅልሉ፤ መንጠቆው ራሱ የአፉን ጥግ ይይዛል።

ክሩ ንጹሕ ሆኖ ተቆረጠ

ባራኩዳ የሚባለው ዓሣ በጥርሱ ቆርጦት ነው። አጭር ሽቦ ጨምሩ። ግማሽ ዓሣ ብቻ ከወጣ ግን ሻርክ ነው፤ ቦታ ከመቀየር ሌላ መፍትሄ የለውም።

ሽሪምፑ ባልዲው ውስጥ ሞተ

ሞቆትና ታፍኖ ነው። እኔ ባልዲውን ድልድይ ላይ ፀሐይ ውስጥ ትቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አልቀውብኛል። አሁን ጥላ ስር አስቀምጣለሁ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እከታለሁ፣ ውኃ ሞልቼ በረዶ ያደረግኩትን ጠርሙስ ክዳኑን ሳልከፍት አስገባለሁ። በረዶውን ከጠርሙሱ አውጥታችሁ አትጨምሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው።

የተያዘው ዓሣ ሰው አሳመመ

ይህን በጥሞና አንብቡልኝ። ማሂ ማሂ የሚባለው ዓሣ ሙቀት ላይ ከቆየ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያመርትበታል፤ የበላውን ሰው ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል። መጥበስ አያጠፋውም። በረዶና የባሕር ውኃ አንድ ላይ አድርጋችሁ ልክ እንደተያዘ ክተቱት።

ትልቅ ባራኩዳን ግን በረዶም አያድነውም። ሲጓቴራ የሚባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ በማብሰልም ሆነ በማቀዝቀዝ አይጠፋም። ልቀቁት።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቆረ

በእነዚህ ወራት የሚያዘወትር ነገር ነው። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ስትሰሙ ዘንጉን አስተኙት፣ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።