የጠወለገው ሃይድራንጂያ እንዴት ቀና አለ

ለእህቴ የቀለበት ቀን ያዘጋጀሁት እቅፍ አበባ ማታ አምሮበት አድሮ፣ ጠዋት ላይ ሰማያዊዎቹ ሃይድራንጂያዎች፣ እነዚያ ትንንሽ አበቦች ተሰብስበው ትልቅ ክብ ራስ የሚሠሩባቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁኝ። ጽጌረዳዎቹ ግን እንዳማረባቸው ነበሩ፤ ውሃውም አልጎደለም። ደነገጥሁ።

ነገሩ የገባኝ ዘንጉን አንሥቼ ስመለከት ነው። የተቆረጠው ጫፍ ሙጫ በመሰለ ፈሳሽ ተደፍኗል፤ ውሃ ውስጥ ቆመው የተጠሙት ለዚህ ነበር። ጫፉን ሁለት ጣት ያህል በሰያፍ ቆረጥሁ፣ ከእሳት በወረደ የፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ነከርሁ፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ መለስሁ። እንፋሎቱ አበባውን እንዳይመታው ዘንጉን አጋድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ክፉኛ የጠወለጉትን ሁለቱን ደግሞ አበባቸውን ቁልቁል አድርጌ በሳፋ ውሃ ለ45 ደቂቃ ዘፈዘፍኋቸው፤ ሃይድራንጂያ በአበባው በኩልም ውሃ ይጠጣልና። ሲወጡ እያንዳንዱ ስስ የአበባ ቅጠል ተወጥሮ፣ ጠብታ አቅፎ ነበር።

አደራደሩንም ቀየርሁ። የሃይድራንጂያ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ ብዙ ውሃ ያባክናል፤ ሁሉንም መለመልሁትና በምትኩ ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስገባሁ። ያ ብርማ ሰማያዊ ቅጠል በየአጥሩ ጥግ እያለ ሌላ መግዛታችን ይቆጨኛል! ሦስቱን ሃይድራንጂያ ዝቅ አድርጌ መሠረት አደረግኋቸው፤ በመካከላቸው ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ጽጌረዳ ከፍ ከፍ አደረግሁ፣ ሰማያዊው ያን ጊዜ ደመቀ። በዳር በኩል ሰሪቲ የተባለው ቅጠለ ቀጭን ሐረግ ለቀቅ ብሎ ወረደ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቀለበቱ ሲታሰር አንዱም አላጎነበሰም።